ማክሰኞ የታየው ብየዳ

ጋሽ ቦይለርና አናጢው ሠላሳ አንድ ዓመት በጓደኝነት ኖረዋል። «ጋሽ ቦይለር» የሚለውን ስም ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የቦይለርና የአየር ታንክ ፈታሽ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ሌላ ስም አላስፈለገውም። አናጢው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ሰፊ ክፍል ውስጥ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሠራል። ጋሽ ቦይለር ጡረታ ከወጣ ወዲህ ባሉት አራት ዓመታት፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መንገዱን ተሻግሮ እዚያ ሳይሄድ የቀረበት ቀን የለም። አናጢው መላጊያውን አይጥልም፣ እሱም አንስቶ አያግዘውም። አንዱ ይልጋል፣ አንዱ ያወራል። አንዱ የጀመረውን ወሬ ሌላው ከመሃል ይነጥቀዋል፤ ብዙ ጊዜ ወሬው ሳያልቅ ሁለቱም መሳቅ ይጀምራሉ።

አንድ ቀን እንደ ልማዱ ሲመጣ፣ ገና ከበሩ ሳይደርስ የአናጢውን ሳቅ ሰማ። ይህን ሳቅ ከሺህ ሰው መሃል ይለየዋል፤ እንደ ሳል ይጀምርና ድንገት ይለቀቃል። ቆም አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ከውጭ ሆኖ ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ገባ። አናጢው እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ መሬት ላይ ተንበርክኳል። ከአጠገቡ ንጹሕ ቱታ የለበሰ፣ ፂሙን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ሰው ተቀምጧል። ከሦስት ወር በፊት ከአናጢው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል የተከራየው የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነው። ጋሽ ቦይለር ከዚህ ሰው ጋር ከሰላምታ በቀር ተነጋግሮ አያውቅም። በሁለቱ መሃል አየር ማመቂያው አሮጌ ኮምፕሬሰር ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ተኝቷል።

«ና፣ ና ግባ፣ ጉድ እይ» አለ አናጢው። «ወርቅ ላይ ተኝታችሁ ነው የከረማችሁት ይለኛል ይሄ ሰው።»

«ወርቅ ነው ጋሼ» አለ ተከራዩ፣ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «የሲሊንደሩ ብረት የድሮ ነው፣ የዛሬ ዕቃ አይደለም። የፒስተኑ ፋሻ፣ ቀለበቱ ይቀየር፣ ቫልቮቹ ይጠረጉ፣ ያኔ ያዩታል።»

«እናያለና» አለ ጋሽ ቦይለር።

ኮምፕሬሰሩን ለአናጢው የሰጠው የገዛ ሚስቱ ወንድም ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጋራዡን ሲዘጋ። አናጢው ጎንበስ ብሎ ቫርኒሽ በብሩሽ መቀባት ወገቡን ስለጎዳው፣ አንድ ቀን በአየር እረጫለሁ የሚል ምኞት ነበረው። «እንጠግነው ይሆን?» ብሎ መጀመሪያ የጠየቀውም ጋሽ ቦይለርን ነበር። ጋሽ ቦይለር ግን ከተቀመጠበት እንኳ ሳይነሣ፣ «ይሄማ ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢ ነው የሚሆነው» አለና ወሬውን ቀጠለ። አናጢውም ደግሞ አልጠየቀውም። ኮምፕሬሰሩ ከጣውላ ቁርጥራጭ ሥር ሁለት ክረምት ከረመ።

ስለዚህ ጋሽ ቦይለር ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ በማን እንደተናደደ በቅጡ አላወቀውም።

ከዚያ በኋላ ተከራዩ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። ከሥራው እንደወጣ ቱታውን ይለውጥና ከተፍ ይላል። የሲሊንደሩን ክዳን አወረዱ። ቫልቮቹ ላይ የተጋገረውን ጥቁር ቆሻሻ በናፍጣ ነክረው በጥርስ ብሩሽ ፈገፈጉት። ሞተሩን ወስደው ሽቦውን እንደ አዲስ አስጠቀለሉት። አናጢው የፒስተን ፋሻ ምን እንደሆነ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ ተማረና፣ አልጋ ሊያሠራ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ እያቆመ ያስረዳ ጀመር። ጋሽ ቦይለር ከሰጋቱራው ክምር አጠገብ ተቀምጦ ያያል። እሱ የሚገባበት ወሬ አልነበረም። ሁለት ጊዜ የድሮ ነገር አንስቶ ጀመረ፤ ሁለቱንም ጊዜ አናጢው «አንዴ ቆየኝ፣ ይቺን ቡሎን ላጥብቅ» ብሎት፣ ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ ወሬው የት እንደቀረ ረሱት።

የሚያወራው ሲያጣ እንከን መልቀም ጀመረ። «የሞተሩ ቺንጋ ላላ ይላል» ይላል። «ዘይቱ ቀጥኗል።» «ይሄን ሞተር ዝናብ ሲወርድበት በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ብታስጠቀልሉትም አትመኑት።» አረንጓዴ ቀለም ሲቀቡት ደግሞ «እንቁራሪት አስመሰላችሁት» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው እንደ አማት ሆንክብን?» አለው አናጢው። ሁለቱ ሳቁ። ጋሽ ቦይለርም በጥርሱ ሳቀ።

የሚያቃጥለው ግን የአናጢው ቀልድ አልነበረም። ተከራዩ ነው። «ቺንጋው ላላ» ሲባል ሄዶ በጣቱ ይጫነውና፣ «ልክ ነዎት ጋሼ» ብሎ ያጠብቀዋል። ዘይቱን ይለውጠዋል። ቢቆጣ፣ ቢመልስ፣ ቢያንስ ፊቱን ቢያጠቁር ይሻል ነበር። ጋሽ ቦይለር በገባ ቁጥር ተነሥቶ መቀመጫ ይለቅለታል። እሱ ይህን ሁሉ ዘመን በዚያ ክፍል ውስጥ መቀመጫ የሚለቀቅለት እንግዳ ሆኖ አያውቅም።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ፣ ጫማውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልብስ ሰፊ የሆነችው ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«ዛሬ አትሄድም እንዴ?»

«ሄጄ ምን ልሠራ? እዚያ ሰውዬው አለ።»

በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አወጣች። «ሠላሳ ዓመት ጣውንት ሳይመጣብኝ ኖርኩ ብዬ ሳመሰግን፣ ለካ ጣውንት የመጣው ባሌ ላይ ኖሯል» አለች።

«ቀልድሽን ተይኝ።»

«አልቀለድኩም። ሰውየው ምን አደረገህ?»

አሰበ። ሰውየው ምንም አላደረገውም። «ምንም» አላት።

«እንግዲያው ጫማህን አጥልቅና ሂድ። ካልሄድክማ ቦታህን በገዛ እጅህ አስረከብከው።»

ጫማውን አጠለቀና ሄደ።

ሲደርስ የኮምፕሬሰሩ የአየር ታንክ ከላዩ ማሽን ተለይቶ፣ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ሁለት ጣውላ ላይ ተጋድሟል፤ ቀለሙ ገና መድረቁ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከወዲያ ማዶ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ጋሽ ቦይለር እንደ ድሮ ልማዱ እጁን በታንኩ ሆድ ላይ አሳለፈ። ከውሃ ማፍሰሻው አጠገብ ሲደርስ ጣቶቹ ቆሙ። ብየዳ አለ። የአውራ ጣት ርዝመት ይሆናል። በሞረድ ተስተካክሎ ቀለም ስለተቀባ ዓይን አያየውም፤ እጅ ግን አይሳሳተውም።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?» አለ፣ እንደዋዛ።

«ትንሽ ቀዳዳ ነበረች ጋሼ፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል» አለ ተከራዩ። «ማፍሰሻውን ስንከፍተው የወጣው ውሃ ደም ነው የሚመስለው፣ ዝገት በዝገት። በየድኳት፣ ቆመች።»

ጋሽ ቦይለር በሥራ ዘመኑ ለስንቱ ሠራተኛ ሲናገረው የኖረው ነገር ነው። አየር ሲታመቅ ውሃ ያወጣል። ውሃው ታች ይተኛል። በየቀኑ ካልፈሰሰ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ያለው ሰው ደግሞ ቀለም ነው የሚያየው። የመርፌ ቀዳዳ ብቅ አለች ማለት በዙሪያዋ ያለው ብረት ሁሉ ሳስቷል ማለት ነው። ያንን በብየዳ እሳት መምታት ያረጀ ጨርቅን በወፍራም ክር እንደ መስፋት ነው፤ ክሩ ይይዛል፣ ጨርቁ ከጎኑ ይተረተራል። ወጣት ሳለ አንድ የአየር ታንክ ሲፈነዳ አይቷል። አልተነፈሰም፣ አላስጠነቀቀም። የጫፉ ክዳን ተወርውሮ የብሎኬት ግድግዳ በስቶ ወጣ። አጠገቡ ቆሞ ዘይት ያጠጣ የነበረውን ባልደረባቸውን ካነሡት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ያውቃል። ሆኖም እጁ ብየዳው ላይ እንዳለ መጀመሪያ የተሰማው ነገር ደስታ ነበር። ወርቅ ነው ያልከው ይኸውልህ፣ የሚል ደስታ። ከራሱ ከደስታው የተነሣ ደነገጠና ለመናገር አፉን ከፈተ።

«እህሳ?» አለ አናጢው ቀና ብሎ። «ታንኩስ ላይ ዛሬ ምን አገኘህበት?» አለና ተከራዩን ጠቀሰው።

ጋሽ ቦይለር ጥቅሻዋን አያት። በሱና በአናጢው መሃል ስንት ዓመት የኖረች ጥቅሻ ናት፤ አሁን በሱ ላይ ተጠቀሰች።

«ምንም» አለ።

ረቡዕና ሐሙስ አልሄደም። ራሴን አሞኛል ብሎ ቀረ። ነገ እነግራቸዋለሁ ይላል፤ ነገ ሲሆን ደግሞ፣ ብነግራቸው ቀናብን ነው የሚሉት ይላል። እንዲያውም ማሽኑ ራሱ ያሳፍራቸዋል፣ ትንሽ ይተነፍስና ይቆማል፣ ያኔ ማን ልክ እንደነበረ ይለያል ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ። ታንክ ግን እንደዚያ እንደማይተነፍስ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። ምግብ አስጠላው። ሚስቱ ሁለት ጊዜ «ምን ሆነሃል?» ብላ ጠየቀችውና መልስ ስታጣ ተወችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አናጢው ራሱ መጣ። ጸጉሩን ታጥቧል፣ ፊቱ በርቷል። የጋሽ ቦይለር ሚስት ሻይ አቀረበችለት።

«ነገ አራት ሰዓት ላይ ነው» አለ ገና ሳይቀመጥ። «ታንኩን እስከ ስምንት ባር ግፊት እንሞላዋለን። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቻለሁ። ማብሪያዋን የምትጫናት ደግሞ አንተ ነህ።»

«እኔ? ለምን እኔ?»

«ታንኩን አይተህ ያሳለፍከው አንተ ነሃ።»

«እኔ መቼ አሳለፍኩ?»

«ሁለት ወር ሙሉ ያላጣጣልከው ነገር የለም። ቺንጋው፣ ዘይቱ፣ ሞተሩ፣ ቀለሟ ሳይቀር። ታንኩ ላይ ስትደርስ ግን እጅህን አሻሽተህ ‹ምንም› አልክ። እኔም ለሱ ነገርኩት፤ የኔ ሰው ታንክ አይቶ ዝም ካለ፣ ታንኩ ጤነኛ ነው አልኩት። እሱ እንዲያውም በውሃ እናስፈትሸው ወይ ብሎኝ ነበር፣ አያስፈልግም፣ ታይቷል አልኩት።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ጋሽ ቦይለር የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አትሙሉት» አለ።

«ምን?»

«ታንኩ አይሆንም። ሆዱ ተበልቷል። ብየዳው ምንም አያደርግለትም። ስምንት ሳይሞላ ይፈነዳል።»

የአናጢው ፈገግታ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ጠፋ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ አናጢው። «ሰው ከጠራሁ በኋላ? ዛሬ?»

«ዛሬም ቢሆን ነገርኩህ።»

«አየህ፣ እኔ ዝም ስል ያላየሁ አይምሰልህ። ያ ሰው በሬን ከረገጠ ቀን ጀምሮ ዓይንህ ደም ለብሷል። ሰላምታውን እንኳ በግድ ነው የምትቀበለው። ቅናት ነው ይሄ።»

«ቅናት ነው» አለ ጋሽ ቦይለር።

አናጢው ይህን አልጠበቀም።

«ቀንቻለሁ» አለ ጋሽ ቦይለር። «አዎ። ታንኩም በስብሷል። ሁለቱም እውነት ነው። እኔን ተቀየመኝ፣ ታንኩን ግን አትሙላው።»

አናጢው ተነሣ። «ነገ አራት ሰዓት ይሞላል» አለ። «የፈራ ከቤቱ አይውጣ።» ሻዩን አልነካውም። የጋሽ ቦይለርን ሚስት ደህና ዋይ ብሎ ወጣ፤ እሱን ግን ምንም አላለውም።

ሚስቱ ብርጭቆዎቹን አነሣች። «ዝም አይነቅዝም ሲባል እሰማ ነበር» አለች። «የአንተስ ነቀዘ። አሁን ምን ታደርጋለህ?»

ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ጎተተ። ጡረታ ሲወጣ ፋብሪካው የግድግዳ ሰዓት ሊሸልመው ነበር፤ እሱ ግን ሰዓቱን ትቶ፣ ታንክ በውሃ የሚፈትሽበትን አሮጌ የእጅ ፓምፕ ስጡኝ ብሎ ወሰደ። የግፊት መለኪያ ጌጁን በጨርቅ ወለወለው። ላስቲኩን በዘይት አራሰው።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፓምፑን ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ። በሩ ክፍት ነበር። ተከራዩ ብቻውን ወለሉን ይጠርጋል። ኮምፕሬሰሩ ተገጣጥሞ፣ አረንጓዴው እያብለጨለጨ መሃል ላይ ቆሟል። ጋሽ ቦይለር በልቡ እውነቱን ተናገረ፤ አምሮበታል።

«ደህና አደሩ ጋሼ» አለ ተከራዩ። ከከረጢቱ ብቅ ያለውን እጀታ አየ። «የውሃ ፓምፕ ነው?»

«ነው። ታንኩን በውሃ መፈተሽ እፈልጋለሁ። አናጢው አልፈቀደም። ካልፈቀድክ አንተም ንገረኝ፣ እኔ ግን እዚህ በር ላይ ቆሜ የሚገባውን ሰው ሁሉ እመልሳለሁ።»

ተከራዩ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «ማታ ነግሮኛል» አለ። «ቅናት ነው አለኝ። እኔም አልኩት፣ ቅናት ቢሆን ውሃ ምን ይጎዳናል? ተቆጣኝ።» ኮምፕሬሰሩን በአገጩ አመለከተ። «እኔ የሚዞር ነገር ነው የማውቀው ጋሼ። ፒስተን፣ ቫልቭ፣ ሞተር። ታንክ አላውቅም። ቀዳዳዋን ሳገኛት እርስዎን ልጠይቅዎት ነበር።»

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ፊትዎ ፈቃድ አልሰጠኝማ።»

ጋሽ ቦይለር ጎንበስ አለ። ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠና «እስቲ የላይኛውን ቧንቧ ፍታልኝ» አለ።

አብረው ሠሩ። የኮምፕሬሰሩን ፓምፕና ሞተሩን አወረዱ፣ ቀዳዳዎቹን በቡሎን ደፍነው በአንዱ የእጅ ፓምፑን ገጠሙ። በባልዲ እየተመላለሱ ታንኩን እስከ አፉ በውሃ ሞሉት። ጋሽ ቦይለር አየር እንዳይቀር ታንኩን በመዶሻ እጀታ እየመታ አረፋውን አስወጣ። «ዋናው ይሄ ነው» አለ። «አየር ሲታመቅ እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ሲለቀቅ ይወረወራል። ውሃ አይታመቅም። ቢቀደድም እግርህን ያረጥብሃል እንጂ ነፍስህን አይወስድም። ስምንት ባር የሚሠራ ታንክ በውሃ አሥራ ሁለትን መቻል አለበት።»

ተከራዩ እጀታውን እየነቀነቀ፣ «አንድ ነገር ልንገርዎት?» አለ። «እናንተ ሁለታችሁ ግማሽ ቃል ትናገሩና ትስቃላችሁ። እኔ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው አብሬ የምስቀው። እንዴት አድርጌ እደርስባቸዋለሁ እላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ቀድመውኝ። እዚህ ሰፈር ከእናንተ በቀር የማውቀው ሰው የለም።»

ጋሽ ቦይለር ጌጁን ከማየት ዓይኑን አላነሣም። «ቀጥል፣ ነቅንቅ» አለ፤ ድምፁ ግን ለስልሶ ነበር።

ሦስት ባር። አራት። አምስት ላይ ብየዳው ጠርዝ ላይ ላብ የመሰለ ነገር ብቅ አለ። «ቁም» አለና በጣቱ ጠረገው። እንደገና አላበው። «ዘወር በል፣ ከጎን ሆነህ ነቅንቅ።» ስድስት። ሰባት ላይ መርፌው እንደደረሰ የአንሶላ መቀደድ የመሰለ ድምፅ ተሰማና ታንኩ ከብየዳው ጎን ተረተረ። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ፣ ሰጋቱራው ተንሳፈፈ፣ የሁለቱም ጫማ ራሰ። መርፌው ወዲያው ዜሮ ገባ። ስንጥቁ አንድ ክንድ ይሆን ነበር።

ተከራዩ እጀታውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

አናጢው ከሁለት ጎረቤቶች ጋር የመጣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እስከዚያ ተከራዩ የታንኩን ሆድ በብረት መቁረጫ ግራይንደር ቆርጦ ገልብጦት ነበር። አናጢው በሩ ላይ ቆሞ ወለሉን አየ፣ ከዚያ ታንኩን፣ ከዚያ ሁለቱን።

«ሰባት ላይ ተቀደደች» አለ ተከራዩ። «በውሃ።»

አናጢው ቀረበና ተንበርክኮ የተቆረጠውን ብረት አነሣ። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ቅርፊት ቅርፊት ያለ ቡናማ ነው። ከኪሱ ምስማር አወጣና በአውራ ጣቱ ብቻ ተጫነው። ምስማሩ ብረቱን በስቶ አለፈ። ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንደኛው «እግዜር ሲያተርፍ» አለ።

«መቼ ነው ያየኸው?» አለ አናጢው፣ ከተንበረከከበት ሳይነሣ።

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ።»

«ረቡዕ እስከ ሦስት ባር ሞልተናት ነበር» አለ አናጢው። «አየር ታፈስ እንደሆን ለማየት። የሳሙና አረፋ በብሩሽ የቀባኋት እኔ ነኝ። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጥፌ አዳምጫለሁ። እየሳቅኩ።»

ጋሽ ቦይለር ይህን አላወቀም ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የት እንደነበረ ትዝ አለው፤ አልጋው ላይ ተጋድሞ፣ እንዴት እንደሚያፍሩ ያስብ ነበር። ጣውላው ክምር ላይ ተቀመጠ። ይቅርታ ሊል ፈለገ፣ ቃሉ ግን ለነገሩ አነሰበት።

አናጢው ብረቱን አስቀመጠ። «ጎበዝ፣ ዛሬ የሚታይ ነገር የለም» ብሎ ጎረቤቶቹን ሸኘና መጥረጊያ አንስቶ ውሃውን ይጠርግ ጀመር። ጋሽ ቦይለር ፓምፑን በከረጢቱ ጠቅልሎ ሄደ። ማንም አላስቆመውም።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ጓደኛሞች ሆድና ጀርባ ሆኑ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ቦይለር መስኮቱ ጋ ቆሞ ማዶ ያያል። የመላጊያው ድምፅ ይሰማዋል። አልፎ አልፎም ሳቁ ይሰማዋል፤ አሁን ግን ከራሱ በቀር የሚጠላው ሰው አላገኘም።

በሁለተኛው ሳምንት በሩን ያንኳኳው ተከራዩ ነው።

«ታንክ ልንፈልግ ነው ጋሼ። ያለ እርስዎ አልገዛም አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። እምቢም አላለም።»

ሦስት ቀን የአሮጌ ብረት መሸጫ ግቢዎችን አብረው ዞሩ። ጋሽ ቦይለር አራት ታንክ ጣለ። አንዱን ሳሎን የሚገባ ያህል አሳምረው ቀብተውት ነበር፤ በባትሪ ውስጡን አይቶ «ይሄን የቀባ ሰው ነውረኛ ነው» አለ። አምስተኛው ቀለሙ የተላጠ፣ መልኩ የማያምር፣ የተሠራበትና የተፈተሸበት ዘመን የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ ግን በደንብ የሚነበብ ነበር። ውስጡ ደረቅ ነው። «ይሄ» አለ። ሲመለሱ በጋሪ ላይ ከታንኩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ተከራዩ ስለ ሟች ሚስቱ አጫወተው። ጋሽ ቦይለር ይህን ያህል ጊዜ ሰውየው ባለትዳር ይሁን ወንደላጤ ጠይቆት እንደማያውቅ ያን ጊዜ ገባው።

ታንኩን አናጢው ቤት አገቡትና በውሃ ሞሉት። አናጢው ጀርባውን ሰጥቷቸው አንድ የበር ክፈፍ ይልጋል። እጀታውን ነቅንቀው አሥራ ሁለት ባር ላይ አቆሙት። ግማሽ ሰዓት መጠበቅ አለበት። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀር አናጢው መላጊያውን አቆመ። ፊቱን ግን አላዞረም።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርገኝ» አለ።

«አላደርግም።»

«ቅናቱን እችለዋለሁ። ሚስቴም ትቀናለች፣ ይኸው አልሞትኩም። አይተህ ዝም ማለትህን ግን እኔ እንጃ። ገና አልወጣልኝም። ቶሎ ይወጣልኛል ብዬም አልዋሽህም።»

«አውቃለሁ» አለ ጋሽ ቦይለር። «ይቅር በለኝ። በጊዜህ።»

አናጢው መልሶ መላግ ጀመረ። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ መጥቶ ጌጁን ጎንበስ ብሎ አየ። «አሥራ ሁለት» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሰኞ ኮምፕሬሰሩ በአዲሱ ታንክ ላይ ሆኖ ተነሣ። ጎረቤት አልተጠራም። አናጢው የመጀመሪያውን ቁም ሣጥን ቫርኒሽ እየረጨ ወገቡ ቀጥ ብሎ ዋለ። ማታ ሥራ ሲያበቃ ማፍሰሻውን ከፍቶ ውሃውን እስኪደርቅ የሚያስወጣው ጋሽ ቦይለር ሆነ፤ ማንም ያዘዘው የለም፣ ማንም አልከለከለውም።

እንደ ድሮው ለመሆን ብዙ ወራት ወሰደባቸው። በአንዳንድ ነገር ደግሞ እንደ ድሮው አልሆኑም፤ አናጢው አሁን አንድ ነገር ሲያሳየው ከመልሱ በፊት ፊቱን ያነባል። ቅናቱም ቢሆን ጨርሶ አልሄደም። አናጢውና ተከራዩ ስለ ቫልቭ ማውራት ጀምረው ሲረዝምባቸው ያቺ ነገር ተመልሳ ትመጣለች። ግን አሁን ይናገራታል።

«እኔ እንግዲህ ቀናሁ» ይላል፣ ከተቀመጠበት።

«እሺ ጋሼ፣ ወሬ እንለውጥ» ይላል ተከራዩ።

«ትንሽ ይቅና፣ ደሙ ይሙቅለት» ይላል አናጢው፣ መላጊያውን ሳያቆም።